በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ በተደረደሩት ቡቲኮች ውስጥ ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልብሱ ተለክቷል፣ ገዢው በመስታወቱ ፊት ዞሮ ዞሮ ራሱን አይቷል፣ «ትንሽ ቀንሺ እንጂ»፣ «እናቴን ጋሼ፣ አያዋጣኝም» ተባብለው ተስማምተዋል። ገንዘቡ ከኪስ ሊወጣ ሲል ሻጭዋ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ትላለች። ሕግ መጣስ እንዲህ በትሕትና፣ እንዲህ በምርጫ የሚቀርብበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ይህ በሚጠየቅበት ሰዓት ከልጅቷ ራስ በላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል። የነጋዴው ስም አለበት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አለበት። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ቢበላሽ በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ መቆረጥ እንዳለበት ይናገራል። ደረሰኝ ካልተሰጠም ገዢው እንዳይከፍል በግልጽ ያሳስባል። ማሳሰቢያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደግመን ደጋግመን ያነበብነው ያለ ደረሰኝ ከፍለን መልሳችንን ስንጠብቅ ነው። ማሽኑም ቢሆን የትም አልሄደም። አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «ምን ሆነ?» ያለ ሰው ካለ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ኔትወርክ የለም፣ ወረቀት አልቋል፣ ቴክኒሻን ተጠርቷል። ቴክኒሻኑ ከተጠራ ስንት ጊዜው እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሰፊው ሁለተኛው የቦሌ ተርሚናል የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። ተርሚናሉ ዕቃው የሚገባበት በር፣ ታክሱ ደግሞ ከዕቃው ላይ የሕዝብ ድርሻ የሚወጣበት በር ሆነው አብረው ተከፈቱ ማለት ነው። ተርሚናሉ በ2011 ዓ.ም. የማስፋፊያ ግንባታው አልቆ እንደገና ተመረቀ። ሁለተኛውን በር ግን መንግሥት በ1999 ዓ.ም. የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ አውጥቶ ሊያሰፋው ቢሞክርም፣ ነጋዴና ገዢ ተጋግዘን እያጠበብነው ነው።

የገዢው ሒሳብ ፈጣን ነው። 15 በመቶ ማለት ከ10 ሺህ ብር ላይ 1,500 ብር ነው። ትምህርት ቤት በመቶኛ ስሌት የወደቀ ሰው እንኳ ይቺን በልቡ ይሠራታል። «ያለ ደረሰኝ ይሁንልኝ» ይልና ያተረፈ መስሎት ይወጣል። ሻጩ ግን ታክሱን ብቻ አልነበረም ያነሳው። ያልተመዘገበ ሽያጭ ዓመቱ ሲያልቅ የትርፍ ግብርም አይነካውም። ለገዢው ታክሱን ቀነሰለት፣ ለራሱ ደግሞ ግብሩን አስቀረ። ገዢው ይህን ሳያስብ በረንዳው ላይ ቆሞ ራይድ እየጠበቀ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድና «ይቺ አገር በሌባ አለቀች» ስለሚለው ጉዳይ በስልክ ያወራል።

ይኸው ሰው በሳምንቱ ለመሥሪያ ቤቱ ወንበር ሊገዛ ሲመጣ ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ አይነካም። «ሕጋዊ ደረሰኝ አላችሁ?» ብሎ ጮክ አድርጎ ይጠይቃል፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ ዞሮ እስኪያየው። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ጠጋ ይልና «ደረሰኙ ላይ ትንሽ ከፍ አድርገህ ቁረጥልኝ» ይላል። ለቤቱ ሲገዛ ደረሰኙ ይጥፋ ይላል፣ ለቢሮው ሲገዛ ደረሰኙ ይፋፋ ይላል። በሁለቱም ጊዜ ስሙ «ጠንቃቃ ሰው» ነው።

ስለ ዋጋም እናንሳ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ቦሌ ውስጥ ግን ብዙ ሱቅ ዋጋ የሚለጥፈው ዕቃው ላይ ሳይሆን ገዢው ፊት ላይ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ጫማችሁን ያያል፣ ቀጥሎ የስልካችሁን ዓይነት፣ ከዚያ አነጋገራችሁን ይሰማል። አማርኛው መሐል «ሶ»ና «ላይክ» ከገባ ዋጋው ከዋሽንግተን የመጣ እንግዳ ዋጋ ይሆናል። ይህን የሚያውቁ ዲያስፖራዎች ዘመድ ይልካሉ። ዘመድየው ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጎ ይሄድና ነገሩን ያበላሸዋል።

ከዋጋው ቀጥሎ የምትታየው ሌላዋ ጽሑፍ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋ ናት። በሰያፍ የተጻፈች፣ በአበባ የተከበበች፣ አንዳንዴም በመብራት የተሠራች ጽሑፍ ናት። በግድግዳው ላይ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ያለ ጥርጥር የምናከብራት እሷን ብቻ ነው። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መንግሥት ያወጣውን የደረሰኝ ማሳሰቢያ እናልፋለን። ባለሱቁ በማተሚያ ቤት አሳትሞ የሰቀላትን ግን እንደ አዋጅ እንፈራለን። ሶሉ በሦስተኛው ቀን የተገነጠለ ጫማ ይዞ የተመለሰ ሰው ጽሑፏን ሲያያት አንገቱን ደፍቶ ወደ ሊስትሮ ይሄዳል።

የዕቃው ታሪክ የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ ተርሚናሉ ውስጥ ነው። ከዱባይ፣ ከጓንግዡ፣ ከኢስታንቡል የሚገባ በረራ ሻንጣ ሲወርድ ያየ ሰው የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ይረዳል። ከ37 እስከ 41 ቁጥር የሆነ፣ መልኩ አንድ፣ ሳጥኑ አንድ የሆነ የሴት ጫማ ይደረደራል። «ምንድነው ይሄ?» ሲባል «ለእህቶቼ ነው» ይላል ተጓዡ። ሽቶው ለሠርግ ነው፣ ስልኮቹ ስጦታ ናቸው፣ ሕፃን ያልወለደችው ልጅ የያዘችው የሕፃናት ልብስ ደግሞ ለጎረቤት ነው። ሕጉ የግል መገልገያንና የንግድ ዕቃን በዓይነቱና በብዛቱ ይለያል። ስለዚህ የጉምሩክ ሠራተኛውና ተጓዡ ቆመው የሚከራከሩት ስለ ቀረጥ አይደለም፣ ስለ እህቶቹ ብዛት ነው።

ልምድ ያለው ነጋዴ ደግሞ እህቶቹን አውሮፕላኑ ውስጥ ያገኛል። «የኔ እናት፣ እርስዎ ዕቃ የለዎትም፣ ይቺን ብቻ ይያዙልኝ» ይላል፣ ልጆቻቸውን ጠይቀው ለሚመለሱ ነጠላ የለበሱ እናት። እሳቸው ረቡዕና ዓርብን የማያፈርሱ፣ የሰው ሳንቲም የማይነኩ ሰው ናቸው። «ምን ገዶኝ ልጄ» ብለው ይቀበሉታል። ከበሩ ውጭ ነጋዴው ተቀብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ይሄዳል፣ እሳቸውም ለነፍሳቸው አንድ መልካም ሥራ መዝግበው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ሻንጣው ውስጥ ምን እንደነበር ጠይቆ ደግነታቸውን የሚያበላሽባቸው የለም።

ዕቃው ቡቲኩ ሲደርስ ስም ይወጣለታል። ደረቱ ላይ ከአንድ የጣሊያን ፋሽን ቤት ስም አንድ ፊደል የጎደለበት ካናቴራ ይሰቀልና «ኦሪጅናል ነው?» ሲባል «ኦሪጅናል ኮፒ ነው» የሚል መልስ ይገኛል። ገዢው ረክቶ ይገዛል። የራሳችንን ስም ሲነኩብን ግን ቁጣችን ሌላ ነው። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተነሳው ክርክር ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ተፋጥጣ በ1999 ዓ.ም. ከስምምነት ስትደርስ ደስ ብሎናል፣ ደስታውም ተገቢ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የራሳችን የንግድ ምልክት አዋጅ ወጥቷል። ስም ንብረት መሆኑን ስለዚህ እናውቃለን። የማናውቀው የሰውም ስም ንብረት መሆኑን ነው።

ስሙን እየጠበቀ ደንበኛውን የማታለል ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ባለሱቅ በከተማው የተከበረ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት ረድፍ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ሰኞ ግን ወተቱን በውሃ ያበዛል፣ ዳቦው እንዲነጣ አልም ይጨምርበታል፣ አንዴ የተፈላ ሻይ ቅጠል እንደገና አድርቆ ይሸጣል። አርተር ሂል ሃሳል የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ የለንደንን ሱቆች ዕቃ እየገዛ በማይክሮስኮፕ መረመረ። ውጤቱንም «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የባለሱቆቹን ስምና አድራሻ ጨምሮ አወጣው። ዕቃው መበላሸቱ ሳያሳስበው የኖረው ባለሱቅ ስሙ በመጽሔቱ ሲወጣ እንቅልፍ አጣ።

ያም ሆኖ ሕጉ እስኪነቃ ሰው መሞት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1858 ብራድፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አንድ ከረሜላ ሠሪ ስኳር ስለተወደደበት እንደ ልማዱ ጀሶ ሊቀላቅል ፈለገና ወደ መድኃኒት ሻጭ ሰው ላከ። መድኃኒት ሻጩ ታሞ ተኝቶ ነበር። ወጣቱ ረዳት ጌታው በነገረው መሠረት ጥግ ላይ ካለ በርሜል አፍሶ ሰጠ። በርሜሉ ውስጥ የነበረው ግን አርሴኒክ ነው፣ መርዝ። ከረሜላው ተሠርቶ ሲያልቅ መልኩ ከወትሮው ለየት አለ። ገበያ ላይ የሚቸረችረው ሰው ልዩነቱን አይቷል። አይቶም «ምን ገባበት?» አላለም፣ «ዋጋ ቀንሱልኝ» አለ። ተቀነሰለት። እሱም ለሕዝቡ ሸጠው። ወደ 20 ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ሰው ታመመ።

ሦስት ሰዎች በሰው መግደል ተከሰሱ፣ አንዳቸውም አልተፈረደባቸውም። መርዙ የገባው በስሕተት ነው ተባለ። ጀሶ ሆን ተብሎ መግባቱ ደግሞ የተለመደ ንግድ ነበርና በራሱ የሚያስከስስ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1860 ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልን የሚከለክል ሕግ፣ በ1868 የመድኃኒትና የመርዝ ሽያጭን የሚገዛ ሕግ፣ በ1875 ደግሞ የተሻለ ጥርስ ያለው የምግብና መድኃኒት ሕግ ወጣ።

ጀሶ የሚለውን ቃል ስትሰሙ ቀና ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ጤፍ በተወደደ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ላይ ጀሶ ሲቀላቅሉ ተገኙ የተባሉ ሰዎች መያዛቸውን ደጋግመን ሰምተናል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝና የአትክልት ስብ፣ ማር ውስጥ የስኳር ሽሮፕም እንዲሁ። ከብራድፎርድ የሚለየን ሕጉ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጨምሮ ሕጉ አለን። የማንለየው በቸርቻሪው ነው። የእንጀራው መልክ ለየት ካለ እኛም የምንጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ትቀንሺያለሽ?» ከቦሌ በአውሮፕላን ተጭኖ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ወገኖቻችን የሚሄደው እንጀራ የሚሄድበት አገር ሕግ ይጠብቀዋል። ገርጂና ሰሚት የሚሸጠው ግን የሚመረመረው በመዳፍ ነው፣ ጠቅለል አድርገን «ዓይኑ ጥሩ ነው» እንልና እንወስደዋለን።

አንዳንድ ጊዜ ሕግ ይመጣል። ሲመጣ በወረቀት ይመጣል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከወራት በፊት ገብቶ መደርደሪያ ላይ የተኛ ዘይት ሳይቀር በአንድ ሌሊት ዶላር መቁጠር ጀመረ። ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆችም «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ተለጠፈባቸው። የቦሌን ነጋዴ ጭንቀት የምታዩት ያኔ ነው። ቅጣቱን ይከፍለዋል፣ ዕቃው መቆሙንም ይችለዋል። የማይችለው ጎረቤት ወረቀቷን ማንበቡን ነው። ስለዚህ ወረቀቷ ላይ መጋረጃ የሚያክል ባነር ይወጠራል፦ «ለዕድሳት ተዘግተናል፣ በአዲስ መልክ እንመለሳለን!» ጎረቤቱም ወግ ያውቃልና «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እሽጉ ሲነሳ ባነሩ ይወርዳል፣ ሱቁ በአሮጌው መልክ ይከፈታል፣ ደንበኛውም ይመለሳል። ዋጋው ብቻ ነው የታደሰው።

ባለሱቁ ራሱ ሲሰረቅ ደግሞ የሕግ ፍቅሩ ወሰን የለውም። አሁን የበዛው ሌባ ኪስ አይገባም፣ በስልክ ይመጣል። «ትራንስፈር አድርጌያለሁ» ብሎ የባንክ የሚመስል መልእክት ያሳያል፣ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ ገንዘቡ ግን አይገባም። በታክሲ ውስጥ ሿሿ የተሠራ ሰው ቢያንስ ኪሱን ፈትሾ ይደርስበታል። ይህኛውን ባለሱቁ የሚያውቀው ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። ያኔ የካሜራው ምስል ይወጣል፣ ይታተማል፣ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ ቲክቶክም ላይ ይወጣል፦ «ይህን ሌባ ያያችሁ!» ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ከመስጠት ይልቅ ይህ ይቀለዋል። ምክንያቱም ፖሊስ «የሸጥክበትን ደረሰኝ አምጣ» ይለዋል።

ፎቶ የመለጠፉ ነገር ከትልልቆቹም ጋር አለ። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ በወሰዱ ጊዜ፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ የወጣበት ባንክ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በአደባባይ አወጣ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ገንዘቡ አብዛኛው ተመለሰ። ወጣቶቹን ያስፈራቸው የወንጀል ሕጉ ይሁን እናታቸው ፎቶውን ማየቷ፣ እናንተ ፍረዱ።

አባቶቻችን ሌባን በአደባባይ ማጋለጡን ያውቁበት ነበር። መንደሩን ሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ የማይፈታው አፈርሳታ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባልም ነበር፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ ተለቆ ሲንገዳገድ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባው እሱ ነው ይባል ነበር። ሰው ዛሬ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ስልኩን ያወጣና ማን እንደለጠፈው የማያውቀውን የ«ሌባ» ፎቶ ለወዳጆቹ ሁሉ ያጋራል። ልጁ ቢያንስ መድኃኒት ጠጥቶ ነበር። የወንጀል ሕጋችን በሐሰት ስም ማጥፋትን እንደሚቀጣ ማንም ትዝ አይለውም፣ የራሱ ፎቶ እስኪለጠፍ ድረስ።

እንግዲህ ነገሩን ስንሰበስበው፣ ቦሌ ላይ የጠፋው ሕግ አይደለም። ሕጉ በፕላስቲክ ተለብጦ ከራሳችን በላይ ተሰቅሏል። ነጋዴው ሲታሸግ ያፍራል እንጂ ሲሰርቅ አያፍርም። ገዢው ሲጭበረበር ይጮኻል እንጂ ሲያጭበረብር ቅናሽ አገኘሁ ይላል። ሁለቱም ስማቸውን ይጠብቃሉ፣ ምግባራቸውን ግን ለዘበኛ ትተውታል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው መንግሥትን ብቻ ያጎደለ ይመስለዋል፤ የራሱንም መብት ነው አብሮ የሸጠው። ጫማው ሲገነጠል፣ ስልኩ ሲቆም፣ ዘይቱ ሲሸት ከዚያ ሱቅ መግዛቱን የሚያስረዳበት ወረቀት በእጁ የለም። አቤት ቢል የንግድ ጽሕፈት ቤት በየክፍለ ከተማው አለ፣ ቦሌም አለው። እዚያ የተቀመጠው ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ደረሰኙን ነው። 15 በመቶውን ክፈሉና ደረሰኛችሁን ውሰዱ፤ ወስዳችሁም የተጻፈው መጠን የከፈላችሁት መሆኑን አንብቡ። ርካሽ ዕቃ ስታገኙም ከመደሰታችሁ በፊት ለምን እንደረከሰ ጠይቁ።